የድሮ መኪና ኢንጀክሽን ሲያስቸግር ጥፋቱን ለክቶ ማግኘት

ኢንጀክሽን ቤንዚኑን መድቦ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ሥርዓት ነው። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ፣ ሰው በልማድ «ኮምፒውተሩ» የሚለው፣ በድሮ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠር፣ ግን ከሁሉም በኋላ የሚበላሽ ዕቃ ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ጥቁር ጭስ ሲያበዛ ወይም አልነሳ ሲል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦ፣ የዛገ የማሳ (ወደ ባትሪው ማይነስ የሚመለስ) ሽቦ ወይም የደከመ ፖምፓ ነው፤ አንዳንዴም ከኢንጀክሽኑ ጋር ምንም የማይገናኝ ያለቀ ካንዴላ ሆኖ ይገኛል። እነዚህ መኪኖች የስህተት ኮድ አያወጡም፤ መሣሪያ ሰክቶ የሚነበብ ነገር የለም። እውነቱን የሚናገሩት የግፊት መለኪያና ቴስተር (ቮልትና ኦም የሚለካው) ናቸው። ስለዚህ ሳይለኩ ብሎን አይንኩ፣ ዕቃም አይግዙ።

የትኛው ዓይነት ነው?

ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ያለው ከጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሦስት ዓይነቶች አንዱ ነው። ዲ-ጄትሮኒክ በ1967 ወጣ፤ ኤል-ጄትሮኒክና ኬ-ጄትሮኒክ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ተከተሉ። ፊደሎቹ ከጀርመንኛ የመጡ ናቸው። ዲ «ድሩክ» ማለትም ግፊት ነው፣ ኤል «ሉፍት» ማለትም አየር፣ ኬ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚረጭ ለማለት ነው። ሥራቸውም እንደ ስማቸው ነው፦ ዲ በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያስገባው ቧንቧ) ውስጥ ያለውን ግፊት አይቶ ቤንዚን ይመድባል፣ ኤል የገባውን አየር ይለካል፣ ኬ በሜካኒካል መንገድ ሳያቋርጥ ይረጫል።

ኮፈኑን ከፍተው ኢንጀክተሮቹን ይመልከቱ። ወደ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚሄደው ቀጭን የቤንዚን ቱቦ ብቻ ሆኖ የኤሌክትሪክ ሶኬት ከሌለ ኬ ነው። ሶኬት ካላቸውና ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ በውስጡ የሚወዛወዝ በር ያለው የአሉሚኒየም ሳጥን ካለ ኤል ነው። ሶኬት እያላቸው እንዲህ ያለ ሳጥን ከሌለ፣ ይልቁንም አንድ የቫኪዩም ቱቦና ባለ አራት ሽቦ ሶኬት የገባበት የብረት ጣሳ የሚመስል ዕቃ ካለ ዲ ነው። ይህን ሳይለዩ መጀመር አያዋጣም። ለኤል ትክክል የሆነ ምርመራ በዲ ላይ የተገላቢጦሽ መልስ ይሰጣል።

መሣሪያና ጥንቃቄ

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ እስከ 7 ባር የሚያነብ የቤንዚን ግፊት መለኪያ (ለኬ መሐሉ ላይ መክፈቻና መዝጊያ ያለው)፣ ቴስተር፣ የእጅ ቫኪዩም ፖምፓ፣ የሙከራ አምፖል፣ መጠን የተጻፈባቸው እኩል ብርጭቆዎች ወይም ጠርሙሶች። ቴስተሩ ባለ ቀስት ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

በኢንጀክሽን ቱቦ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በግፊት ላይ ነው። ቱቦ ከመፍታትዎ በፊት የፖምፓውን ፊውዝ አውጥተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ ከዚያ የባትሪውን ማሳ ይፍቱ፣ መገጣጠሚያውን በጨርቅ ሸፍነው ቀስ ብለው ያላሉ። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ አይሥሩ። የእሳት ማጥፊያው እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።

የቤንዚን ላስቲክ ቱቦዎቹ ዕድሜያቸው የማይታወቅ ከሆነ ምርመራውን ከመጀመርዎ በፊት ሁሉንም ይቀይሩ። ለካርቡሬተር የተሠራ ቱቦ ይህን ግፊት አይችልም፤ ጄ30 አር9 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይግዙ። ፋሼታውም ጠርዙ ለስላሳ የሆነው ዓይነት ይሁን፤ ጥርስ የተቀደደበት ፋሼታ ላስቲኩን ይበላዋል። እነዚህን መኪኖች ለእሳት የሚዳርገው ብዙ ጊዜ ይኸው ቱቦ ነው።

ከኢንጀክሽኑ በፊት

ባትሪው ሞተሩ ሳይነሳ ከ12.4 ቮልት በላይ ይኑረው። ካንዴላዎቹን ሁሉንም አውጥተው በቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ሁሉም በደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከተሸፈኑ ድብልቁ ወፍሯል፣ ማለትም ቤንዚን በዝቷል። ሁሉም ነጭ ከሆኑ ሳስቷል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ጉዳዩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ ለሁሉም የሚያገለግለውን ሴንሰር እርሱት። ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳለ ኮምፕሬሽን ይለኩ። ትንሹ ከትልቁ ከ25 በመቶ በላይ ካነሰ የባልቦላ ወይም የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ችግር ነው፤ የትኛውም የኢንጀክሽን ማስተካከያ አያድነውም።

የፑንቲናውን (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እሳቱን የሚቆርጠውን ኮንታክት) ክፍተትና ታይሚንጉን (እሳቱ የሚሰጥበትን ጊዜ) በመኪናው መጽሐፍ መሠረት ያስተካክሉ። ይህ በተለይ ለኤል አስፈላጊ ነው፤ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ መቼ እንደሚረጭ የሚያውቀው ከቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው ጥቅል) ማይነስ በሚመጣው ምልክት ነውና። ፑንቲናው ከተበላሸ እሳቱም ቤንዚኑም አብረው ይጠፋሉ። ዲ ግን ለብቻው በዲስትሪቢዩተሩ ሥር የተቀመጡ የራሱ ኮንታክቶች አሉት። እነዚህ በዘይትና በአቧራ ሲቆሽሹ ሞተሩ አልፎ አልፎ ይስታል። አውጥተው ንጹሕ ወፍራም ወረቀት በመሐላቸው ይጎትቱ፤ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጓቸው።

የአየር ማፈትለክ

በኤልና በኬ ላይ ከመለኪያው በኋላ በስንጥቅ የሚገባ አየር ያልተቆጠረ አየር ነው። ቤንዚን አይመደብለትም፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሚኒሞው (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጡት የሚዞርበት ፍጥነት) ይወዛወዛል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይተፋል። የዘይት መሙያው ክዳንና የዘይት መለኪያው ዘንግ ጎማ እንኳ የዚህ ሥርዓት አካል ናቸው። ከዚህ ጥሩ ነጻ ምርመራ ይገኛል፦ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ይክፈቱ። ሞተሩ ወዲያው ከተንገዳገደ ወይም ከጠፋ ሥርዓቱ በደንብ የታሸገ ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ አየር ቀድሞውኑ በሌላ በኩል እየገባ ነው።

በዲ ላይ ይህ አይሠራም። ዲ የሚያየው የማኒፎልዱን ግፊት ስለሆነ፣ በስንጥቅ አየር ሲገባ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ሳጥኑም ቤንዚን ይጨምርለታል። ውጤቱ የሳሳ ድብልቅ ሳይሆን አልወርድ ያለ ከፍተኛ ሚኒሞ ነው። ሚኒሞው በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ተሰቅሎ ማስተካከያ ብሎኑ እስከ መጨረሻ ተጠብቆም ካልወረደ አየር እየገባ ነው።

ስንጥቁን ለማግኘት አስተማማኙ መንገድ ጭስ በዝቅተኛ ግፊት ወደ ማኒፎልዱ አስገብቶ በየት እንደሚወጣ ማየት ነው። ያ ከሌለ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርገው የሞተሩን ድምፅ ያዳምጡ። ተቀጣጣይ ፈሳሽ በትኩስ ሞተር ላይ መርጨት የተለመደ ቢሆንም የማርሚታው ቧንቧ ብዙ ጊዜ እዚያው ሥር ስላለ አይመከርም። በመጀመሪያ የሚታዩት ቦታዎች፦ በአየር መለኪያውና በስሮትሉ (ጋዝ ሲሰጡ በሚከፈተው የአየር በር) መካከል ያለው የተሸበሸበ ላስቲክ (ስንጥቁ ከታች በኩል በሽብሽቡ ውስጥ ይደበቃል፤ አውጥተው ለጠጥ ያድርጉት)፣ የኢንጀክተሮቹ የታችኛው ጎማ፣ የፍሬን ሰርቮው ቱቦ።

ግፊት

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በዲና በኤል መለኪያውን በኢንጀክተሮቹ መመገቢያ መስመር ላይ በመጋጠሚያ ያስገቡ። ዲ ወደ 2 ባር አካባቢ ይሠራል። ኤል እንደ መኪናው 2.5 ወይም 3 ባር ነው፤ ይህ ቁጥር የሚገኘው ግን የግፊት ሬጉሌተሩ (የቤንዚኑን ግፊት የሚወስነው ዕቃ) የቫኪዩም ቱቦ ሲነቀል ነው። ቱቦው ሲመለስ በሚኒሞ ላይ ግፊቱ በግማሽ ባር ገደማ ይወርዳል፤ ካልወረደ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ተቀዷል። ቱቦውን ሲነቅሉ ውስጡ ቤንዚን ካገኙ የሬጉሌተሩ ዲያፍራም ተቀዷልና ይቀየር። በዚያ ቱቦ የሚገባው ቤንዚን ነው ሞተሩን ሲያስጨስ የከረመው።

ግፊቱ ካነሰ ወደ ታንከሩ የሚመለሰውን ላስቲክ ቱቦ በጨርቅ በተሸፈነ ፒንሳ ለአንድ አፍታ ብቻ ይጫኑት። ቀስቱ ተፈናጥሮ ከወጣ ፖምፓው ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ከሬጉሌተሩ በፊት ይፈልጉ። ነገር ግን ፖምፓ ከመግዛትዎ በፊት እየሠራ ሳለ በራሱ ሁለት ጫፎች ላይ ያለውን ቮልት ይለኩ። በባትሪው ላይ 12.5 ሆኖ በፖምፓው ላይ 10 ከሆነ ሽቦው፣ ሪሌው ወይም ማሳው ነው የበላው፤ አዲስ ፖምፓ ቢገጠምም ያው ይሆናል። ቮልቱ ደህና ከሆነ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ የታንከሩን ውስጥ ማጥለያም ይዩ። ለዓመታት በቆመ መኪና ታንከሩ ይዝጋል፤ ዝገቱም እየተጠባ ማጥለያውን ይደፍናል። ምልክቱ ልዩ ነው፦ መኪናው ለሩብ ሰዓት ደህና ሄዶ ይደክማል፣ ቆሞ ሲያርፍ ደግሞ ይነሳል።

ከግፊት ሌላ መጠንም ይለካል። የመመለሻውን ቱቦ ወደ መያዣ አዙረው ፖምፓውን 30 ሰከንድ ያሠሩት። መጽሐፉ ሌላ ካላለ ከሦስት ሩብ ሊትር ማነስ ጥርጣሬ ያስነሳል። ግፊት እያለ መጠን የሚያንስ ፖምፓ ሚኒሞ ላይ አይታወቅም፣ ዳገት ላይ ነው የሚያጋልጠው።

ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ቀስቱን ይጠብቁ። ወዲያው ወደ ዜሮ ከወደቀ የፖምፓው የመመለሻ መከልከያ ባልቦላ፣ ሬጉሌተሩ ወይም አንዱ ኢንጀክተር እያፈሰሰ ነው። ለመለየት እንደገና ግፊት ሞልተው በማጥፋት ላይ ሳሉ የመመገቢያውን ቱቦ ይቆንጥጡ። አሁን ከቆመ ጥፋቱ ከፖምፓው በኩል ነው። አሁንም ከወረደ የመመለሻውን ይቆንጥጡ፤ ከቆመ ሬጉሌተሩ ነው፤ ሁለቱም ተቆንጥጠው የሚወርድ ከሆነ ኢንጀክተሮቹን ያውጡ።

ሽቦና ማሳ

በሞተሩ ሙቀት አጠገብ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የኖረ ሽቦ ሽፋኑ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ሶኬት ሲነቅሉ ሽቦውን አይጎትቱ፤ የብረት መቆለፊያውን በቀጭን ካቻቢቴ አንስተው ራሱን ሶኬቱን ይያዙ። በውስጡ አረንጓዴ ዝገት ካለ በኮንታክት ማጽጃ ይታጠብ፣ የላሉ የብረት ጆሮዎችም ቆንጠጥ ይደረጉ። ብዙ «የተበላሸ» ሴንሰር እዚህ ላይ ይድናል።

ማሳን በኦም አይለኩ፤ አንድ ክር የቀረው ሽቦም ዜሮ ኦም ያሳያል። ይልቅ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በባትሪው ማይነስ ላይ፣ ሌላውን በኢንጀክሽኑ ማሳ ላይ (አብዛኛውን ጊዜ በማኒፎልዱ ወይም በቴስታታው ላይ በአንድ ብሎን የታሰሩ ቡናማ ሽቦዎች ናቸው) ያድርጉና ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) ያስዙሩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ይፈታ፣ ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፈግ፣ ይታሰር።

ሴንሰሮች

ከሁሉም በላይ ድብልቁን የሚያዛባው የሞተር ሙቀት ሴንሰሩ ነው። በውኃ በሚቀዘቅዙት የኤል ሞተሮች ላይ የሚታወቁት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም። ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ከተቆረጠ ሳጥኑ ከባድ ብርድ ነው ብሎ ስለሚያስብ ሞተሩን በቤንዚን ያሰጥመዋል። ለማረጋገጥ ሶኬቱን ነቅለው በሴንሰሩ ፋንታ የ300 ኦም ሬዚስተር ያስገቡ። ትኩሱ ሞተር ከተስተካከለ ሴንሰሩ ይቀየር። በሞቀ ሞተር ላይ ያለ ሴንሰር ጥቂት መቶ ኦም ብቻ ስለሆነ በዛገ ሶኬት ላይ የሚጨመር ሌላ 200 ኦም ራሱ ድብልቁን እንደሚያወፍር አይርሱ።

የኤል አየር መለኪያ በሩ በጣት ሲገፋ ያለ መያያዝ ተከፍቶ በራሱ መመለስ አለበት። በማኒፎልዱ በኩል ወደ ኋላ የሚተኩስ ሞተር በሩን ያጣምመዋል። ሶኬቱን ነቅለው በመውጫው ላይ ቴስተር አድርገው በሩን ቀስ ብለው ሲከፍቱ ባለ ቀስቱ ቴስተር ጥቅሙ ይታያል፦ ቀስቱ ሳይዘል መሄድ አለበት። ዲጂታሉ ክፍተቱን ሳያሳይ ሊያልፈው ይችላል። የካርቦን መንገዱ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው መኪናው በርጋታ ሲሄድ በሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። በጥቁሩ ክዳን ሥር ያለውን ባለ ጥርስ የስፕሪንግ ጎማ አይንኩ፤ አንዴ ከዞረ ያለ ጭስ መለኪያ ወደ ቦታው አይመለስም።

ቀደም ያሉት ኤሎች ላይ የፖምፓው ማብሪያ በዚሁ ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉን በማስነሻ ቦታ ሲይዙት ሞተሩ ተነስቶ ሲለቁት የሚጠፋ ከሆነ ይህ ማብሪያ አልያዘም፤ ወይም ላስቲኩ ስለተቀደደ አየሩ በሩን አልገፋውም። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩ ሳይነሳ በሩን በእጅ ሲገፉ ፖምፓው ድምፅ ማሰማት አለበት።

በዲ ላይ የዚህን ቦታ የሚይዘው የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩ ነው፤ የብረት ጣሳ የሚመስለው። በእጅ ቫኪዩም ፖምፓ ወደ ግማሽ ባር ገደማ ይሳቡት፤ ለበርካታ ደቂቃ መያዝ አለበት። ዲያፍራሙ ከተሰነጠቀ አይይዝም፣ ሞተሩም ቤንዚን ያጎርፋል። በሴንሰሩ ሶኬት ላይ 7 እና 15 የሚል ቁጥር ባላቸው እግሮች መካከል ወደ 90 ኦም፣ በ8 እና በ10 መካከል ወደ 350 ኦም ይሁን፤ ከጣሳው አካል ጋር ግን ምንም መገናኘት የለበትም። ኋላ ላይ ያለው ማስተካከያ ብሎን በማሸጊያ የተደፈነው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናው በዝግታ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ የሚፈናጠር ከሆነ ደግሞ የስሮትሉን ማብሪያ ሶኬት ነቅለው ይሞክሩ። መፈናጠሩ ከጠፋ የማብሪያው የመዳብ መስመሮች አልቀዋል።

ኢንጀክተሮች

ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ ቢያደርጉ የእያንዳንዱ ምት ይሰማል። የማይመታውን ሶኬት ነቅለው በሁለቱ የሶኬቱ ጫፎች መካከል የሙከራ አምፖል ያድርጉና ሞተሪኖውን ያስዙሩ። አምፖሉ ብልጭ ካለ ኢንጀክተሩ ነው፤ ካላለ ሽቦው። በአንዱም ላይ ብልጭ ካላለ ወደ ሪሌው፣ ወደ ማሳውና ወደ ቦቢናው ምልክት ይመለሱ።

የቀድሞዎቹ ኢንጀክተሮች ከ2 እስከ 3 ኦም ብቻ ናቸው፤ ኤል ላይ በየመስመራቸው ተከላካይ ሬዚስተር ይገባል። ኋላ የመጡት 16 ኦም አካባቢ ናቸው። ባለ 2 ኦሙን በቀጥታ ከ12 ቮልት ጋር ማገናኘት በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥለዋል። ሁለቱን ዓይነት አቀላቅሎ መግጠምም አይቻልም።

ኢንጀክተሮቹን ከነቱቦአቸው ነቅለው ሶኬታቸው ተነቅሎ ፖምፓውን ያሠሩት። በአንድ ደቂቃ ከሁለት ጠብታ በላይ የሚያንጠባጥብ ይታጠብ ወይም ይቀየር። ከዚያ ወደ ብርጭቆዎቹ እያስረጩ ያነጻጽሩ። ጥሩው እንደ ጃንጥላ ይበተናል፤ ቀጭን ክር ሆኖ የሚወርደው ለማጠቢያ ማሽን ይሄዳል።

በብርድና በትኩስ ሲያስቸግር

የብርድ ማስነሻውን ኢንጀክተር ነቅለው ወደ ጠርሙስ ያዙሩ፤ የቦቢናውን ማዕከላዊ ሽቦ ማሳ ላይ ያድርጉ፤ ሞተሪኖውን ያስዙሩ። ሞተሩ ከቀዘቀዘ ለጥቂት ሰከንድ ረጭቶ ያቆማል፤ የሚቆርጠው የሙቀትና የጊዜ ማብሪያው ነው፣ እሱም ከ35 ዲግሪ በላይ ጨርሶ እንዲረጭ አይፈቅድም። ካልረጨ በሶኬቱ ላይ ቮልት ይለኩ። ከቆመ በኋላ አፉን ጠርገው አንድ ደቂቃ ይመልከቱ፤ ከረጠበ ያፈሳል፣ ትኩስ ሞተር ሲነሳ የሚያሰጥመውም እሱ ነው።

ሞተሩ በብርድ ተነስቶ ሚኒሞ የማይዝ ከሆነ ተጨማሪ አየር የሚሰጠውን ባልቦላ ቱቦ ይቆንጥጡ። በብርድ ሞተሩ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከሞቀ በኋላ ግን ለውጥ መኖር የለበትም። ሁለቱንም ካላሳየ ውስጡ ተጣብቋል፤ ብዙ ጊዜ በካርቡሬተር ማጽጃ ታጥቦ ይፈታል።

ኬ ለብቻው

በኬ ላይ ሁለት ግፊቶች አሉ። መለኪያው በቤንዚን አከፋፋዩና በማሟሟቂያ ሬጉሌተሩ መካከል ይገባል። ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደውን ሲዘጉ የሚነበበው የሥርዓቱ ግፊት ነው፤ እንደ መኪናው 5 ባር አካባቢ። ሲከፍቱ የሚነበበው የቁጥጥር ግፊት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ከ3.4 እስከ 3.8 ባር ይደርሳል፣ በብርድ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ የብርዱ ቁጥር በአየሩ ሙቀት ስለሚለያይ ከመጽሐፉ ሰንጠረዥ ይታያል። የቁጥጥር ግፊቱ በዝቶ ሲገኝ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሲያንስ ይወፍራል። ስለዚህ በብርድ የማይነሳና ግፊቱ ከፍ ያለበት ሬጉሌተር የውስጥ ወንፊቱ ተደፍኖ ይሆናል። ከሞቀ በኋላም የሚያስጨስ ከሆነ ማሞቂያው 12 ቮልት እየደረሰው መሆኑን ይዩ።

ክቡ የአየር ሳህን ከግድግዳው ጋር መነካካት የለበትም፤ የ0.10 ሚሊሜትር መለኪያ ዙሪያውን ማለፍ አለበት። በማግኔት ሲያነሱት ክብደቱ ከታች እስከ ላይ እኩል ሆኖ ይሰማ። በመሐል የሚይዝ ከሆነ በአከፋፋዩ ውስጥ ያለው ዘንግ በቆየ ቤንዚን ዝቃጭ ተጣብቋል።

በትኩስ አልነሳ የሚል ኬ ግፊቱን አጥቷል። ከጠፋ 20 ደቂቃ በኋላ 1.5 ባር እንኳ ካልቀረ በመጀመሪያ የፖምፓውን መከልከያ ባልቦላ፣ ቀጥሎ የግፊት ማጠራቀሚያውን ይጠርጥሩ። ማጠራቀሚያው ከኋላው ትንሽ የአየር ቀዳዳ ወይም ቱቦ ካለው በዚያ ቤንዚን መውጣቱ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው።

የድብልቅ ማስተካከያው የመጨረሻ ሥራ ነው። በኬ ረጅም ባለ 3 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ ያስፈልጋል፤ በቀኝ ሲዞር ያወፍራል። በአንዴ ከአንድ ስምንተኛ ዙር አይበልጡ፣ ቁልፉን አውጥተው ጋዝ ይስጡ፣ ሞተሩ ሲረጋ የጭስ መለኪያውን ያንብቡ። ቁልፉ ውስጥ እያለ ጋዝ ከሰጡ የሳህኑ ክንድ ይጣመማል። በኤልም የአየር መለኪያው የጎን ብሎን በቀኝ ሲዞር ያወፍራል፤ የሚነካው ግን ሚኒሞውን ብቻ ነው፣ በመንገድ ላይ ያለ ድካምን አያድንም።